ነስርን የሚያቆመው ብልሃት
ከፎገራ ሜዳ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍል

ከወረታ ተነሥተው በጎንደር መንገድ ወደ አዲስ ዘመን ሲጓዙ ይፋግን ያገኛሉ። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚገናኝባት፣ ቀረጥ የሚከፈልባት፣ ስሟ የተጠራ ገበያ ነበረች። ዛሬ በአውቶቡስ የሚያልፍ መንገደኛ በመስኮት የሚያየው ግን የፎገራን ሜዳ ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ሩዝ ይበቅልበታል፤ የታወቀው የፎገራ ከብት ይግጥበታል። በጋ ሲገባ ያው ሜዳ ይደርቃል፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ አቧራውም ይነሣል።

እንዲህ ባለው የበጋ ቀን አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በድንገት ነሰረው እንበል። ደሙ በከንፈሩ ላይ ወርዶ ሸሚዙን ያበላሸዋል። ሰው ይሰበሰባል። አንዱ «ቀና በል! ሰማይ ሰማዩን እይ!» ይለዋል። ሁለተኛው ቀዝቃዛ ውሃ አምጥቶ በአናቱ ላይ ያፈስበታል። አንዲት እናት የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ በአፍንጫው ቀዳዳ ትወትፍለታለች። ሁሉም የሚያደርገው ከርኅራኄ የተነሣ ነው። እርስዎ በዚያ ሥፍራ ቢገኙ፣ ተማሪም ይሁኑ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ፣ ዓይን ሁሉ ወደ እርስዎ ይመለሳል። «እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ምን ይሻላል?» ይባላሉ። መልስዎ ምንድን ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ በትልቅ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ፣ በሽተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ ሐኪሙ በቀጭን መሣሪያ በአፍንጫው ጓዳ ሲሠራ፣ ተመልሶ ይመጣል። እዚያም የሚያስቸግረው ያው ከአፍንጫ የሚፈስ ደም ነው። የሚገርመው ደግሞ በዛፍ ጥላ ሥር ያለው ረዳትና በኦፕራሲዮን ክፍል ያለው ሊቅ የሚመሩበት ሕግ አንድ መሆኑ ነው። ይኸውም፦ ደሙ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ፣ ራስን ከፍ ማድረግ፣ አጥብቆ መያዝ፣ ታግሦም መቆየት ነው።

ሁለት ወንዝ የሚመግበው ሥፍራ

የፎገራን አገር ያየ ሰው የርብንና የጉማራን ወንዞች ያውቃል። ሁለቱም ከምሥራቅ ካለው ደጋ ወርደው ሜዳውን ያቋርጡና ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲከብድ ሁለቱም ይሞላሉ፤ ሜዳውም ከሁለት በኩል ውሃ ይመጣበታል። አንዱን ብቻ ቢገድቡት ሌላው አለ።

የአፍንጫም ነገር እንደዚሁ ነው። በአንገታችን ግራና ቀኝ ወደ ራስ የሚወጣው ትልቅ የደም ሥር በሁለት ይከፈላል። የውስጠኛው ቅርንጫፍ ወደ አንጎልና ወደ ዓይን ይሄዳል፤ የውጭኛው ፊትንና መንጋጋን ይመግባል። አፍንጫ ከሁለቱም ይቀበላል። ከላይ በዓይን ጉድጓድ በኩል ቀጫጭን ሥሮች ይመጡለታል፤ ከኋላ ደግሞ ከውጭኛው ቅርንጫፍ የሚነሣው ዋናው ሥር ይገባለታል። ይህን ያህል ደም ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አፍንጫ የምንተነፍሰውን አየር ወደ ሳንባ ከመግባቱ አስቀድሞ ማሞቅና ማርጠብ አለበትና ነው።

እነዚህ ሥሮች አፍንጫን ለሁለት በሚከፍለው ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ጣት በሚደርስበት ሥፍራ ላይ እንደ መረብ ይገናኛሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ሊትል በ1879 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመናዊው ቪልሄልም ኪሰልባኽ ደግሞ በ1884 እ.ኤ.አ. ስለዚህች ሥፍራ ጽፈዋል፤ ሥፍራይቱም እስከ ዛሬ በስማቸው ትጠራለች።

ከአሥር ነስር ዘጠኙ ያህል የሚነሣው ከዚሁ ነው። የሥፍራይቱ ሽፋን ስስ ነው። የበጋ አየር ያደርቃታል፤ ጉንፋን ያቆስላታል፤ የልጅ ጥፍር ይቧጭራታል። ሆኖም ይህ ለረዳቱ መልካም ወሬ ነው፤ ምንጩ ፊት ለፊት ከሆነ በሁለት ጣት ሊያዝ ይችላልና። ከኋላ የሚመጣው ነስር ግን ጣት አይደርስበትም። ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ የሐኪም እጅም ይፈልጋል።

በዛፉ ጥላ ሥር ምን ይደረግ?

ልጁን ቁጭ ያድርጉት። ራሱን ወደ ፊት ዘንበል ያድርግ እንጂ ወደ ኋላ ቀና አይበል። ቀና ሲል ደሙ የቆመ ይመስላል፤ ነገር ግን መንገዱን ለወጠ እንጂ አልቆመም። ወደ ሆዱ ወርዶ ያስታውከዋል፤ ወይም ወደ መተንፈሻው ገብቶ ያንቀዋል።

ቀጥለው የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ግራና ቀኙን አጥብቀው ይያዙ። ብዙ ሰው የሚስተው በዚህ ላይ ነው፤ አጥንቱን ይይዛል፤ አጥንት ደግሞ አይጨመቅም። ልጁ በአፉ ይተንፍስ፤ ወደ አፉ የመጣውን ደም ይትፋው እንጂ አይዋጠው። ከዚያ ሰዓትዎን ይመልከቱና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ ይቆዩ።

«እስቲ ቆሟል ወይ?» እያሉ በየደቂቃው መልቀቅ ነስሩን ማገዝ ነው። ደም ሲፈስ በመጀመሪያ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ተሰብስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ቀጥሎ ክር የሚመስል ነገር በላያቸው ይደራና ያጠነክራቸዋል። ይህ ሥራ ጊዜ ይጠይቃል፤ ቶሎ የለቀቀ ሰው የተጀመረውን ግንብ ያፈርሰዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለምን?

የነጠላው ጫፍስ? ደረቅ ጨርቅ ሲወጣ የረጋውን ደም ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ባይወተፍ ይሻላል። ቀዝቃዛው ውሃም ልጁን ያረጋጋው እንደ ሆነ እንጂ የጣትን ሥራ አይተካም። ነስሩ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልቆመ፣ ልጁ ራሱን ተመትቶ ከሆነ፣ ወይም የነሰረው ሰው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ነስር መልእክተኛ ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ነስር የሌላ በሽታ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛውን ዝም ማሰኘት ብቻውን አይበቃም፤ የላከውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ውሃ በሚተኛበት አገር ከላኪዎቹ አንዱ አልቅት ነው። ከኩሬ ወይም ከምንጭ ጎንበስ ብሎ በአፉ የሚጠጣ ልጅ ትንሿን አልቅት ከውሃው ጋር ይስባታል። እርሷም በአፍንጫው ጓዳ ወይም በጉሮሮው ተጣብቃ ደም እየጠጣች ታድጋለች። የአልቅት ምራቅ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር እንዳለው እንግሊዛዊው ጆን ሄይክራፍት በ1884 እ.ኤ.አ. ገልጧል። እንግዲህ በአንድ ቀዳዳ ብቻ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚነስረው፣ «አፍንጫዬ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» የሚል ልጅ ቢያጋጥምዎ አልቅትን ይጠርጥሩ። ገበሬው ለከብቱ የትምባሆ ውሃ በአፍንጫው ያፈስለታል፤ ለልጅ ግን ይህ መርዝ ነው። ሐኪም ሥፍራውን አደንዝዞ በመቆንጠጫ ያወጣታል።

ሁለተኛው ላኪ ከዚህ የከፋ ነው። በ1997 ዓ.ም. ይፋግ በምትገኝበት በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው በትኩሳት ወደቀ። በመጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ በምርመራ የተገኘው ግን ካላዛር ነበር። ካላዛር የአሸዋ ዝንብ በምትባል ጥቃቅን ነፍሳት የሚተላለፍ በሽታ ነው። ቀደም ሲል የሚታወቀው እንደ ሁመራና መተማ ባለው ቆላ ስለ ነበር በደጋው ይደርሳል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ለሥራ ወደዚያ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳያውቁ ይዘውት እንደ መጡ ይገመታል።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ማኅበር በአካባቢው ብቸኛ የነበረውን የካላዛር ማከሚያ ከፍቶ ከግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሽተኞችን ተቀበለ። እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ዓ.ም. የታከሙት ሰዎች መዝገብ ሲመረመር ከመቶው 77 የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ። የዕድሜያቸው እኩሌታ 18 ዓመት ነበር፤ ይህም ማለት ግማሾቹ ገና የትምህርት ቤት ዕድሜ ላይ ነበሩ። ከመቶው 4 ያህሉ ሞቱ።

ካላዛር ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሰውነትን ያመነምናል፤ ቀደም ብለን ያነሣናቸውን ፕላትሌቶችም ያሳንሳል። ደፋኙ ሲያንስ ደም በትንሽ ነገር ይፈስሳል፤ አፍንጫም ይነስራል። እንዲህ ላለው በሽተኛ አፍንጫውን መያዝ ለሰዓቱ ይረዳዋል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ ትኩሳቱ ለሳምንታት የቆየ፣ የወባ መድኃኒት ያልረዳው፣ የከሳ፣ ሆዱ በግራ በኩል ያበጠና የሚነስረው ሰው ካጋጠመዎ «ደግሞ ወባ ነው» ብለው አያሳልፉት። የካላዛር ምርመራ እንዲደረግለት ያሳስቡ። በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።

ሳይነስ የምንለው ነገር

አሁን ወደ ሆስፒታሉ እንግባ። በከተማ «ሳይነስ አለብኝ» የማይል ሰው ጥቂት ነው። ሳይነስ ግን በእያንዳንዳችን የፊት አጥንት ውስጥ ያለ፣ አየር የሚመላለስበት ባዶ ጓዳ ስም ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ጓዳዎቹ አራት ጥንድ ናቸው፤ በጉንጭ፣ በግንባር፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ እንዲሁም ከሁሉ በስተኋላ ከአንጎል ወለል ሥር ይገኛሉ። እያንዳንዱ ወደ አፍንጫ የሚከፈት ጠባብ በር አለው። በሩ በእብጠት ሲዘጋ ፈሳሹ ይታቆራል፤ ይመግላልም። ከ12 ሳምንት በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ ይባላል።

ብዙውን ጊዜ በጨው ውሃ ማጠብና በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ይረዳል። ይህ ሳይበጅ ሲቀር፣ ወይም ፖሊፕ የሚባል ሥጋ በቅሎ መንገዱን ሲዘጋው ኦፕራሲዮን ይታሰባል። ከብዙ ዓመት በፊት ሐኪሙ ከላይኛው ከንፈር ሥር ቆርጦ ወይም ፊትን በስቶ ይገባ ነበር። ዛሬ በራሱ በአፍንጫው ቀዳዳ ይገባል።

ይህን ያስቻለው ኤንዶስኮፕ የሚባለው ቀጭን መነጽር ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሂርሽማን ፊኛን ለመመርመር የተሠራ መሣሪያ አሻሽሎ ወደ አፍንጫ አየበት። ነገር ግን መሣሪያው ብርሃኑ ደካማ ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ በቱቦው ውስጥ የመስተዋት ዘንጎች ደርድሮ ሥዕሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ አደረገ። በግራዝ ከተማ የነበረው የኦስትርያ ሐኪም ቫልተር መሰርክሊንገር በዚህ እየተመለከተ ፈሳሹ በየትኛው በር እንደሚወጣ አጠና፤ በ1978 እ.ኤ.አ.ም መጽሐፉን አሳተመ። ተከታዩ ሃይንዝ ሽታምበርገርና አሜሪካ የነበረው ዴቪድ ኬነዲ ሥራውን ለዓለም አስተማሩ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአንገት በላይ ስፔሻሊስቶች በዚህ መሣሪያ ይሠራሉ።

አንዲት ጠብታ

ለአዋቂ ሰው የሚያገለግለው ኤንዶስኮፕ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ በዚህች ጠባብ መነጽር ፊት አንዲት የደም ጠብታ ብትወድቅ ምን እንደሚሆን ያስቡት። ሐኪሙ የሚያየው ሁሉ ቀይ ይሆናል። በሆድ ኦፕራሲዮን ጊዜ ቁምነገር የማይባል ደም በአፍንጫ ውስጥ ዓይን ይጋርዳል። ብዙውን ጊዜ የሚፈሰው ደም መጠኑ ሕይወትን የሚያሰጋ አይደለም፤ የሚያሰጋው የሚሸፍነው ነገር ነው።

የሚሸፍነው ምንድን ነው? በጎን በኩል በሳይነሱና በዓይን መካከል ያለው አጥንት በጣም ስስ ከመሆኑ የተነሣ ሊቃውንቱ በላቲን «የወረቀት ግድግዳ» ብለውታል። ከላይ የአንጎል ወለል አለ። ከኋላ የማየት ነርቭና ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር በሳይነሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ያልፋሉ። በዚህ መካከል የሚሠራ ሐኪም ጉም ውስጥ እንደ ገባ ሾፌር ነው። ብልኅ ሾፌር መንገዱን ካላየ ይቆማል እንጂ በግምት አይነዳም።

ደቡብ አፍሪካዊው የማደንዘዣ ሐኪም አንድሬ ቡዛርት በ1995 እ.ኤ.አ. ለዚህ ጉም መለኪያ አወጣ። ከ0 እስከ 5 ይቆጠራል። 0 ሲሆን ደም የለም። 2 ሲሆን አልፎ አልፎ መምጠጥ ይበቃል። 3 ሲሆን መምጠጫው ከተነሣ ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ ደሙ ሥፍራውን መሸፈን ይጀምራል። 5 ሲሆን ያለ ማቋረጥ ቢመጠጥም ሥራውን መቀጠል አይቻልም። የጠቅላላው ብልሃት ዓላማ ይህን ቁጥር ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

መልካም ሐኪም ከደም ጋር የሚታገለው ደሙ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያው ጥያቄ ነው። «አስፕሪን ይወስዳሉ? ደም የሚያቀጥን ሌላ መድኃኒትስ? የባህል መድኃኒት? ጥርስ ሲነቀሉ ደም አልቆም ብሎዎት ያውቃል? በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ሰው አለ?» ይላል። አንድ የአስፕሪን ኪኒን የነካቸው ፕላትሌቶች እስኪሞቱ ድረስ ሥራቸውን በደንብ አይሠሩም፤ ዕድሜያቸውም ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ነጭ ሽንኩርትን እንደ መድኃኒት በብዛት የሚወስድ ሰውም መናገር አለበት። ይህን ማለታችን ግን መድኃኒትዎን በራስዎ ፈቃድ ያቁሙ ማለት አይደለም። ለልብ ሕመም አስፕሪን የታዘዘለት ሰው በድንገት ቢያቆም ከነስር የባሰ አደጋ ሊደርስበት ይችላል፤ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የበሽተኛው ሥራ እውነቱን መናገር ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና።

ሁለተኛው የእብጠቱ ማብረድ ነው። ፖሊፕ ላለበት ሰው ለጥቂት ቀናት የሚሰጥ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ሥጋውን ያሟሽሸዋል፤ ደሙም ይቀንሳል። የደም ግፊት ካለም አስቀድሞ ይስተካከላል።

ሦስተኛው የአልጋው አቀማመጥ ነው። የራስጌው ወገን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ከፍ ይደረጋል። ራስ ከልብ በላይ ሲሆን በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ያለው ደም ወደ ታች ይወርዳል፤ የአፍንጫውም ሽፋን ይቀላል። ይህ ብልሃት አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ልጁን በዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ያደረግነውም ለዚሁ ነበር።

አራተኛው የማደንዘዣ ሐኪሙ ድርሻ ነው። ልብ በኀይል ስትመታ አፍንጫም ይነስራል። ስለዚህ የልብ ምት በደቂቃ ወደ 60 እንዲጠጋ ያደርጋል። በትንፋሽ ከሚሰጠው ማደንዘዣ ይልቅ ፕሮፖፎልን የመሰለ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሥፍራው ጥርት ብሎ እንዲታይ እንደሚያደርግ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ሆኖም የደም ግፊቱን ከልክ በላይ ማውረድ አንጎልን ደም ያሳጣዋል። ሚዛኑን የሚጠብቀው ከራስጌ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ስሙ ባይጠራም የሥራው እኩሌታ የእርሱ ነው።

አምስተኛው አድሬናሊን ነው። ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ በአሜሪካ አገር ሳለ አጣርቶ አውጥቶ በ1901 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቀው። አድሬናሊን የነካው ትንሽ የደም ሥር ይኮማተራል። በዚህ የተነከረ ጥጥ በአፍንጫ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሲቀመጥ ቀዩ ሽፋን ይነጣል፤ መንገዱም ይሰፋል። ነገር ግን እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። በጥጥ የሚቀመጠው አንድ ለ1,000 የተበረዘ ሊሆን ይችላል፤ በመርፌ የሚወጋው ግን አንድ ለ100,000 ነው። ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው። አንዱ በሌላው ምትክ ቢወጋ ልብን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሐኪሞች በጥጥ የሚቀመጠውን ቀለም ይጨምሩበታል፤ የሁለቱንም ስም በጉልህ ጽፈው ይለጥፉባቸዋል። አንድ የቀለም ጠብታና አንድ ቁራጭ ወረቀት ነፍስ ያድናሉ።

ስድስተኛው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው ነው። ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ሾሱኬና ኡታኮ ኦካሞቶ በ1962 እ.ኤ.አ. ገለጡት። የረጋው ደም መልሶ እንዳይሟሟ ይከላከላል። ኡታኮ ስትመራመር ታስብ የነበረው በወሊድ ጊዜ ደም ስለሚፈስሳቸው እናቶች ነበር፤ ዛሬ መድኃኒቱ ለእነርሱም፣ ለነስርም፣ ለሳይነስ ኦፕራሲዮንም ያገለግላል። ዋጋውም ውድ አይደለም።

ደሙ ሲመጣ

ይህ ሁሉ ተደርጎ ደም ይመጣል። ያን ጊዜ ጀማሪ ሐኪም ይቸኩላል፤ ቶሎ ጨርሼ ልውጣ ይላል። የበሰለው ግን እጁን ያቆማል። በአድሬናሊን የነከረውን ጥጥ ደሙ በሚመጣበት ላይ ያኖራል፤ ይጠብቃልም፤ እስከዚያው በሌላው ቀዳዳ ይሠራል። እስከ 40 ዲግሪ የሞቀ የጨው ውሃ እያፈሰሰ ያጥባል። ሥፍራው ሲጠራ የደሙን ምንጭ ፈልጎ በኤሌክትሪክ ሙቀት ይተኩሰዋል። ከኋላ የሚገባው ዋናው ሥር ከሆነ በጥቃቅን መቆንጠጫ ይዘጋዋል። በከባድ ነስር የሚሠቃዩ ሰዎችም ዛሬ በዚሁ መንገድ ይረዳሉ።

ሁለት የክፉ ቀን ምሳሌዎችን እንጨምር። በዓይን ጉድጓድ በኩል የሚመጣው ቀጭን ሥር በስሕተት ከተቆረጠ ጫፉ ወደ ዓይን ጉድጓድ ሊሸሽና እዚያ ሊደማ ይችላል። ዓይን ያብጣል፤ ይጠነክራል፤ ፈጥኖ ካልተረዳ ብርሃኑ ይጠፋል። ስለዚህ በኦፕራሲዮን ጊዜ የበሽተኛው ዓይን አይሸፈንም፤ ነርሷ አዘውትራ ታየዋለች። ሐኪሙም እብጠት ካየ በዓይኑ ጥግ ቆርጦ ግፊቱን ያስተነፍሳል።

ሁለተኛው እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚደርስ ነገር ግን ከሁሉ የሚያስፈራው፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ትልቁ ሥር ሲበሳ ነው። ደሙ እንደ ምንጭ ይፈነዳል። በአውስትራሊያ ፒተር ጆን ዎርማልድና ባልደረቦቹ ይህን አደጋ በበጎች ላይ እየተለማመዱ አጠኑት። ያገኙት መልስ የሚገርም ነው። ከበሽተኛው ጭን ቁራጭ ሥጋ ወስዶ፣ ቀጥቅጦ፣ በተበሳው ሥር ላይ አስቀምጦ ለብዙ ደቂቃ ሳይለቁ መጫን ነው። ልብ ይበሉ፤ ይህን ያህል መሣሪያ ባለበት ዘመን፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ የሊቁ መድኃኒት ያው መጫንና መታገሥ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደሙ ባይቆም፣ ሥፍራውም ባይታይ? ሐኪሙ ጥጡን ጠቅጥቆ ሥራውን ያቋርጣል፤ በሌላ ቀን ይመለሳል። ይህ ሽንፈት አይደለም። በሽተኛውም «ጀምሮ ተወኝ» ብሎ ሊያዝን አይገባውም፤ ሁለት ዓይኖቹን ይዞ ወደ ቤቱ ገብቷልና።

የእርስዎ ድርሻ

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት እርስዎ ሐኪም አይሆኑም። ነገር ግን ነገ በመምህርነት ወይም በጸሐፊነት ከዋና ከተማ ርቀው ይመደቡ ይሆናል። ከይፋግና ከወረታ የከባድ ሕመም በሽተኛ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር መሄድ አለበት። ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት በአጠገቡ በተገኘው ሰው እጅ ነው፤ ያ ሰው እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ «እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ምን ይሻላል?» ሲባሉ መልሱ አለዎት። ልጁ ቁጭ ይበል፤ ወደ ፊት ዘንበል ይበል፤ ለስላሳው የአፍንጫ ክፍል ይያዝ፤ ሰዓት ይታይ። ደሙ ከቆመ በኋላ ደግሞ ይጠይቁት፦ «ይህ ስንተኛ ጊዜህ ነው? ትኩሳት አለህ? ከየት ነው የምትጠጣው?» ትኩሳቱ ሰንብቶ ከሆነ «ነስር ነው፤ ያልፋል» ብለው አይለዩት። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወባ መስሎ የነበረው ወባ አልነበረም።